አራት ጉርድ ፎቶ

ከመጥፎ ጓደኛ ራቁ ይሉን ነበር፤ በሰልፍ ላይ፣ በክፍል ውስጥ፣ በወላጆች ቀን ሳይቀር። መጥፎ ጓደኛ ምን እንደሚመስል ግን ማንም አልነገረንም። እኔ በልቤ የሳልኩት ሲጋራ የሚያጨስ፣ ቀኑን ሙሉ ፑል ቤት የሚውል፣ መምህር ሲቆጣው የሚሳደብ ወንድ ልጅ ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ ከእኔ ጋር ምን ሊያገናኘው? ስለዚህ ምክሩን ሁሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ ነው ብዬ አሳልፈው ነበር። የኔዋ ስትመጣ ቆጮውን ቆርሳ መጀመሪያ ለእኔ የምታቀብል፣ ሲያመኝ ልብሴን የምታጥብልኝ፣ ሳቋ ከአጥር ውጭ የሚሰማ ልጅ ሆና መጣች። እስከ ዛሬ «መጥፎ» የሚለውን ቃል ከእሷ ጋር ላገናኘው ስል አፌን ይይዘኛል።

የባዮሎጂ መምህራችን «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። እኔም እስቅ ነበር። ጊደሯ እኔ መሆኔን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ቤታችን ከእንሴኖ ወጣ ያለ ገጠር ነው። እስከ አሥረኛ ክፍል እንሴኖ በእግሬ እየተመላለስኩ ተማርኩ። አሥራ አንደኛ ስገባ፣ ቡታጅራ ያለው ትምህርት ቤት ይሻላል ተባለና እዚያ ክፍል ተከራየሁ። ኪራዩን የምትልክልኝ አረብ አገር ያለችው ታላቅ እህቴ ነበረች። አባታችን እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ፣ ቤት የቀረችው እናቴ ብቻዋን ናት፤ እንሰቷን፣ ትንሽ የበርበሬ ማሳዋንና አንዲት ላሟን ይዛ።

እናቴ ለእኔ ቡታጅራ መሄድ አንድ ሥርዓት አበጀች። በየገበያው ቀን ስንቅ ትልካለች፤ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ሲገኝ አይብ፣ የተደለዘ በርበሬማ አይጠፋም። ስንቁ የሚታሰረው የድሮ መጋረጃችን ተቀዶ በወጣው ቀይ አበባ ባለበት ጨርቅ ነው። ጨርቆቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲመጣ አንዱ ይመለሳል። የሚያመላልሱት ጎረቤታችን ናቸው። በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ቡታጅራ በርበሬ ተራ ውስጥ ሱቅና ከጀርባው ትንሽ መጋዘን አላቸው። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ሱቃቸው ጎራ ብዬ ስንቄን እቀበላለሁ፣ ያለፈውን ጨርቅ እሰጣለሁ። እኛ ዘንድ ደግሞ ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። ጨርቁ ወይ ትንሽ ስኳር፣ ወይ ሳሙና፣ ወይ ሁለት ሎሚ ቋጥሮ ይሄዳል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ በስልክ ስታወራም ከሰላምታ አታልፍም። ስለ እኔ የምታውቀውን ሁሉ የምታውቀው ከዚያ ጨርቅ ነበር። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ከመጣ ደህና ነኝ። ቆሽሾ ከመጣ አሞኛል። አንድ ጊዜ ሎሚውን ረስቼ ባዶውን ብልክ፣ በማግሥቱ ጎረቤታችን «ልጄ፣ እናትሽ ተጣላኋት ወይ እያለች ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ጓደኛዬ የመጣችው ከቡኢ በኩል ነው። ክፍሉን ለሁለት ብንከራየው ይቀለናል ተባብለን ደባል ሆንን። በአንድ ፍራሽ ተኛን፣ በአንድ ሳህን በላን። ቤታቸው የሚልኩላት ስንቅ ሲያልቅ የእኔ ይፈታል፤ የእኔ ሲያልቅ የእሷ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከክፍሌ ሦስተኛ ወጣሁ። እህቴ ወሬውን ሰምታ፣ ወደ አገር በምትመለስ ሴት እጅ ለሽልማት ዘመናዊ ስልክ ላከችልኝ። ያ ሽልማት ምን ይዞብኝ እንደመጣ እህቴ ብታውቅ ኖሮ መዝገበ ቃላት ትልክልኝ ነበር።

ጓደኛዬ ስልክ ላይ የማታውቀው ነገር የለም። አጫጭር ቪዲዮ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዘፈኑ እንዴት እንደሚገባበት፣ ሰው እንዲያየው ስንት ሰዓት ላይ መለቀቅ እንዳለበት አስተማረችኝ። መጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር፤ አስፋልቱ ዳር፣ ጭማቂ ቤቱ በር ላይ እየቆምን እንቀራረጽ ነበር። ከዚያ ዓርብ ከሰዓት ተጨመረ። ከዚያ «ዛሬ ሲቪክስ ብቻ ነው ያለን፣ እንፎርፍ» ሆነ። ከዚያ ሲቪክስ ያልሆነውንም መፎረፍ ጀመርን። ደብተር ብትሉ፣ ማስታወሻ ብትሉ፣ ሁሉ ነገር «በኋላ ከሰው እንገለብጣለን» ሆኖ ቀረ።

«አልመጣም» ማለት ያቅተኝ ነበር? አያቅተኝም። እኔ ቁጡ ነኝ፣ አፌም አያርፍም። ስድብ እችላለሁ። «ፋራ» መባል ግን አልችልም። ከገጠር የመጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕመም ነው። ገና ደብተር ስዘረጋ «ፋራዬ፣ ደግሞ ጀመርሽ?» ትለኝና ትስቃለች። በክፋት አይደለም የምትለው። ያንን ቃል ላለመስማት ብዬ የዘጋሁትን መጽሐፍ ብዛት አሁን ሳስበው፣ እንደዚያ ያለ ሞኝ በመስካን ምድር አልበቀለም እላለሁ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ቪዲዮውም መፎረፉም አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንገባ አንድ ወሬ ጀመረች። «የፈተናውን ነገር ተይው፤ ማንም አያልፈውም» ትላለች። እውነትም ከእኛ በፊት የተፈተኑት ውስጥ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሰፈራችን ውስጥ ጎበዝ የሚባሉት ሳይቀሩ ወድቀው እቤት ተቀምጠዋል። «እነዚያ ጎበዞቹ የወደቁትን እኔና አንቺ ልናልፈው? ታዲያ ለምን ራሳችንን እንገድላለን?» ትለኛለች። ስንፍና ቢሆን ኖሮ እቋቋመው ነበር፤ ስንፍናን ማንም ያውቀዋል። ይኼ ግን ብልጠት ይመስላል። ካልሞከርኩ ወደቀች አልባልም፤ አልሞከረችም ነው የምባለው። በዚያ ወሬ ውስጥ አንድ ዓይነት ዕረፍት ነበረ፤ እኔም ዐረፍኩበት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲወጣ ከስድሳ ተማሪ ሃያ ሰባተኛ ሆንኩ። እናቴ በስልክ «ትምህርትሽስ?» ስትለኝ፣ «እንደ ድሮው ነኝ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለችኝ።

ፓስፖርት የሚለው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጓደኛዬ ሰው ወደ አረብ አገር የምትልክ አንዲት ደላላ ተዋውቃለች። «ፓስፖርት ማውጣት እኮ መሄድ ማለት አይደለም» አለችኝ። «በእጅ ይኑር ብቻ። ከወደቅን ዝግጁ ነን፣ ካለፍን እሰየው።» አነጋገሯ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ «ግቢ አላልኩሽም» ትላለች። እኔም ገባሁ። ፎቶ ቤት ሄድን። ባለ ፎቶው ከጀርባችን ነጭ ጨርቅ ዘረጋ፣ «ቀና በይ፣ አትሳቂ» አለ። እሷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሦስት ጊዜ ተነሳች። እኔ አልሳቅሁም። ለያንዳንዳችን አራት አራት ጉርድ ፎቶ በትንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠን።

ያ ፎቶ እኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሻሽ ያደረገች ልጅ፣ ጀርባው ነጭ፣ ፊቷ ቀጥ ያለ፤ ይህን ያየ ሰው ለምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። ግማሹ ቤት ልጁን በእንዲህ ያለ ፎቶ ሸኝቷል። ስለዚህ መደበቅ ነበረብኝ፤ የአከራያችን ሚስት ክፍላችንን ለመጥረግ እያለች ትገባለች፣ ደግሞ የእንሴኖ ሰው ናት። ደብተር ውስጥ ባስቀምጠው ሰው ይገልጠዋል። ፍራሽ ሥር ባስቀምጠው ይጣጠፋል። ዙሪያዬን ሳይ አንድ ማንም የማይነካው ነገር አየሁ። ታጥቦ የተጣጠፈው የስንቅ ጨርቅ። እጥፋቱ መካከል ወሽቄ አስቀመጥኩት፤ በብልጠቴም ተደሰትኩ።

በገበያው ቀን ጓደኛዬ ደላላዋን ልታገናኘኝ ቀጥራኛለች። ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ መጣሁ፣ ጨርቁን አነሳሁ፣ መንገድ ላይ የገዛሁትን ስኳር መሃሉ ላይ አስቀምጬ ግራና ቀኝ ቋጠርኩ፣ በርበሬ ተራ ሄጄ ለጎረቤታችን ሰጠሁ፣ ስንቄን ነጥቄ ተመለስኩ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ቋጠሮ ግን መንገድ ላይ ቢፈታ ይሻለኝ ነበር።

ደላላዋ ፊት ተቀምጠን «ፎቶው?» ስትለኝ ነው ትዝ ያለኝ። ክው አልኩ። ጓደኛዬ መጀመሪያ ሳቀች፣ ፊቴን ስታይ ግን ሰዓት አየች። ጎረቤታችን የተሳፈሩበት ሚኒባስ ያኔ እንሴኖ ደርሷል።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ከቤት ነው ብዬ ብድግ እላለሁ። እናቴ ግን አልደወለችም። ተቆጥታ ብትደውል ምን ብዬ እንደምዋሽ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለፈተናው መግቢያ ካርድ ነው እላታለሁ። ዝምታዋ ግን ውሸቴን እጄ ላይ አስቀረው። «ባትደውልስ? ምናልባት አላየችው ይሆናል» ትለኛለች ጓደኛዬ። እናቴ ጨርቅ ሳታራግፍ የምታስቀምጥ ሴት አይደለችም።

በሚቀጥለው ገበያ በርበሬ ተራ ስሄድ የጎረቤታችን እጅ ባዶ ነበር። «ስንቄስ?» አልኳቸው። በዓይናቸው ወደ ውስጥ አመለከቱኝ። እናቴ ከበርበሬ ጆንያው ጎን፣ ስንቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቡታጅራ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ መጥታ አታውቅም፤ ላሟን ለማን ትታ ትመጣለች? «አሰላሙ አለይኪ» አለችኝ። ተነስታ ሦስት ጊዜ ሳመችኝና ወደ ክፍሌ መንገዱን እንድመራ ምልክት ሰጠችኝ።

ክፍላችን ስንገባ ጓደኛዬ እዚያው ነበረች። እናቴ ቋጠሮውን ፈትታ ቆጮውን ለሦስት ቆረሰች፣ ትልቁን ለጓደኛዬ ሰጠቻት። «እናትሽ ደህና ናት? ስንት ናችሁ በቤታችሁ?» ብላ ጠየቀቻት። ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ «ደህና ናት፣ ስድስት ነን» ብላ አንገቷን ደፋች። በልተን ስንጨርስ ጄሪካኑን አንስታ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ጄሪካኑ ሙሉ ነበር።

እናቴ የሻሿን ጫፍ ፈታች። እዚያ የምትቋጥረው የማትረሳውን ነገር ነው። ወረቀቱን አወጣችና ፎቶዎቹን ፍራሹ ላይ ደረደረቻቸው።

«ስንት ነበሩ?» አለችኝ።

«አራት።»

«ሦስቱ ይኸውልሽ። አንዷን ይዣታለሁ።»

ለምን ብዬ ሳልጠይቅ እሷው ቀጠለች። የተናገረችው በእኛ ቋንቋ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ የጎደለው ነገር ቢኖር የእኔ ጥፋት ነው።

«እህትሽ ስትሄድ የተነሳችውን ፎቶ ሁሉ ለደላላው ሰጠች። ለእኔ ብላ አንድ አላስቀረችም፤ እኔም አላሰብኩት። አረብ አገር እንደገባች ስልኳ ጠፍቶ ያን ሁሉ ወር ስንጠብቅ፣ ፊቷ እየጠፋኝ ሄደ። ወልጄ፣ አጥብቼ፣ ፊቷ ጠፋኝ። አፍንጫዋን ሳስታውስ ዓይኗ ይሄድብኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እንዴት ብዬ እናገራለሁ? አንቺ ብትሄጂ ግን ይቺ ትኖረኛለች።»

«እማ፣ ወላሂ አልሄድም» አልኩ።

«አትማዪ። መሄድ ወንጀል አይደለም፤ ኪራይሽ ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። እሄዳለሁ ካልሽ አላስርሽም። ግን ሞክረሽ አቅቶሽ ሂጂ እንጂ ሳትሞክሪ አትሂጂብኝ። እህትሽ የመማር ዕድል አላገኘችም፤ ለአንቺ ግን ሰጥታሻለች።» ሦስቱን ፎቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «ስንተኛ ነው የወጣሽው?» አለችኝ።

«ሃያ ሰባተኛ።»

«ከስንት?»

«ከስድሳ።»

ጣቶቿን እያየች አሰበች። «እንግዲያው ከኋላሽም ብዙ ሰው አለ» አለችና ፈገግ አለች። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ብትመታኝ ኖሮ እናደድ ነበር፤ ንዴት ደግሞ ለእኔ ይቀለኛል። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፤ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ በመስኮቱ «ግቢ፣ ፀሐይ ነው» ብቻ አለችኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ጨርቁን አጠብኩ፣ ስልኬን አጠፋሁ፣ ከአንድ ሳሙና ጋር ቋጥሬ ላክሁት። የእህቴን ሽልማት ወደ እንሴኖ መለስኩት ማለት ነው። ጓደኛዬ እብድ ነሽ አለችኝ። ሁለት ቀን እኔም እብድ መሰልኩ፤ እጄ ባዶ ኪሴን ይዳብስ ነበር።

ቀጥሎ የሚያስፈልገኝ ቦታ ነበር። ክፍላችን ውስጥ እሷ እያለች ማጥናት አይቻልም፤ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የወሬ ገበያ ነው። ጎረቤታችንን «መጋዘኑ ውስጥ ብቀመጥስ?» አልኳቸው። «በርበሬው ይፈጅሻል ልጄ» አሉኝ። «ይፍጀኝ» አልኩ። የተገለበጠ ሳጥን ጠረጴዛ ሆነኝ፣ ግማሽ ጆንያ ወንበር ሆነኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ ማስነጠስ ብቻ ነበር። አንድ ገጽ አነባለሁ፣ አምስት ጊዜ አስነጥሳለሁ፤ ዓይኔ ይቀላል፣ አፍንጫዬ ይወርዳል። ግን በዚያ ውስጥ እንቅልፍ የለም። ወሬ የለም። ማንም «ነይ እንውጣ» ሊለኝ አይመጣም፤ የመጣም በሩ ላይ ሁለቴ አስነጥሶ ይመለሳል። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አፍንጫዬ ለመደው። ከመስከረም ጀምሮ ያመለጠኝን ኬሚስትሪ በሙሉ እዚያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ከአንድ ቀለሜ ልጅ ደብተር ገለበጥኩ። ሁሉም ገባኝ ማለት አይደለም። ፊዚክስ እስከ መጨረሻው አልገባኝም፤ ዛሬም አይወደኝም።

ከጓደኛዬ ጋር ያለን ነገር ቀስ እያለ ከረረ። መጀመሪያ ትቀልድ ነበር፤ «ሚጥሚጣ መጣች፣ መስኮት ክፈቱ» ትላለች። ኋላ ቀልዱ ቀረና «ከእኔ የተሻልሽ ሆንሽ?» አለችኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «አንቺ ጋ ከመዋል በርበሬ ጋ መዋል ይሻላል» አልኳት። ይህን በማለቴ ይቆጨኛል። ሦስት ቀን ሳንነጋገር በአንድ ፍራሽ ተኛን፤ በአራተኛው ቀን ቆጮውን ቆርሳ ወደ እኔ ገፋችው። ታረቅን፣ ግን እንደ ድሮው አልሆንንም፤ እሷ ወደ መውጫው፣ እኔ ወደ መጋዘኑ።

ፓስፖርቷ ከፈተናው በፊት ደረሰ። አልተፈተነችም። በሄደች ቀን መናኸሪያ ድረስ ብርድ ልብሷን ተሸክሜ ሸኘኋት፤ ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ብርድ ልብሱን መልሳ እኔ ላይ ጣለችው። «እዚያ ሙቀት ነው ይላሉ» አለች። ከዚያ አንገቴን አቅፋ በጆሮዬ «ፋራዬ፣ አንቺ ታልፊያለሽ፤ መጀመሪያም ዐውቅ ነበር» አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ዐውቃ ነበር እንዴ? መጠየቅ አልቻልኩም፤ ሄደች።

አለቀስኩ፤ በእውነት አለቀስኩ። ግን ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ የተሰማኝ ሌላ ነገር ነበር። ዕረፍት። ማንም «ደግሞ ጀመርሽ?» የማይለኝ ክፍል። ጓደኛዋ የሄደችባት ልጅ እንዴት ይቀላታል ብዬ በራሴ አፈርኩ፤ ቢሆንም ቀለለኝ። ዛሬም የሚሰማኝ ይኼው ነው፤ ሁለቱም አብረው።

ለፈተናው ወደ ወልቂጤ ነበር የተወሰድነው። በአውቶብስ ተጭነን፣ ተራራውን ተሻግረን፣ አገና ላይ ትንሽ ዐርፈን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገባን። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ብዙዎቹ ልጆች በመጀመሪያው ቀን የሚሆኑትን አጡ፤ አንዷ ባዶ እጇን እያየች «ምን ልሥራ?» ትል ነበር። እኔ ያንን ሕመም ከወራት በፊት በበርበሬ ታክሜ ጨርሻለሁ። ችግሬ ልብሴ ብቻ ነበር፤ ከታችኛው አልጋ የተኛችው ልጅ ሻንጣዬን በከፈትኩ ቁጥር ታስነጥሳለች። ይቅርታ እየጠየቅሁ ሰነበትኩ።

ውጤት የወጣ ቀን ቤት ነበርኩ። እናቴ ስልኬን ከላክሁበት ቀን ጀምሮ አልነካችውም፤ ቀይ አበባው ጨርቅ ውስጥ እንደ ተቋጠረ ሳጥኗ ውስጥ አገኘሁት። ባትሪው ሞቷል። እንሴኖ ወርደን ሱቅ ውስጥ ሰክተን ጠበቅን። ኔትወርኩ አልይዝ አለ፤ ያዘ፤ ጠፋ። እናቴ ከሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ ትጨብጣለች። በመጨረሻ ቁጥሩ መጣ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ለባለ ሱቁም አስነበብኩት። በብዙ አይደለም፤ ግን አልፌያለሁ። «እማ፣ አለፍኩ» ስላት «አልሐምዱሊላህ» አለችና ተነሳች። «ላሟን ማሰሪያ ሰዓቱ አልፏል፣ እንሂድ» አለችኝ። መንገድ ላይ እያለቀሰች ነበር የሄደችው፤ እኔ ያላየሁ መስዬ ከኋላዋ ሄድኩ።

ምደባዬ ወልቂጤ ሆነ። የመግቢያ ማስታወቂያውን ሳነብ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል «አራት ጉርድ ፎቶ» ይላል። ሳቄ መጣ። ሦስቱ ባዮሎጂ መጽሐፌ ውስጥ አሉ። አራተኛዋ የት እንዳለች ዐውቃለሁ።

እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። ነገርኳት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ የሻሿን ጫፍ ፈታች፣ ፎቶዋን ሰጠችኝ። አየኋት። ሻሼ አለ፣ ትከሻዬ አለ። ፊቴ ካለበት ላይ ግን ቀለሙ ተፍቆ አልቋል፤ ዓይንና አፍንጫዬ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኗል፣ ዳር ዳሩ በበርበሬ ቀልቷል።

«እማ፣ ይቺ አትሆንም» አልኳት።

«ምን ሆነች?»

«ፊቴ የለም።»

ተቀብላ አየቻት። ገና አሁን ያየችው መሰለች፤ አውራ ጣቷን አየች፣ ፎቶዋን አየች፣ አፈረች። «አንዳንዴ ዳሰስ አደርጋት ነበር» አለች። እኔ ቡታጅራ፣ በሚኒባስ ቅርብ፣ እያለሁ፣ እሷ ግን ያን ሁሉ ወር የሄድኩ ያህል መለየቴን እየለመደችው ኖራለች። ማንም ሳያያት፣ ላሟን እያለበች፣ በርበሬዋን እየቀነጠሰች፣ ሌላዋን ልጇንም ለመሸኘት እየተለማመደች። ቁጭ ብዬ ጉልበቷ ላይ ፊቴን ቀበርኩ። በበርበሬ እጇ እንዳትነካኝ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ቆየች።

ጓደኛዬ አልፎ አልፎ በድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። አምስት ልጆች ያሉበት ቤት ትሠራለች፤ ደህና ነኝ ትላለች፣ ሳቋም አለ። ባለፈው «ያቺ የበርበሬ መጋዘን አለች?» ብላኛለች። አለች አልኳት። መጥታ አንድ ቀን እንድትገባባት ነግሬያታለሁ፤ ታስነጥስ እንደሆነ ለማየት።

ያን ጊዜ ግን ከእናቴ ጉልበት ላይ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ እንሴኖ ፎቶ ቤት ወረድኩ። ባለ ፎቶው ነጩን ጨርቅ እየዘረጋ «ለፓስፖርት ነው?» አለኝ። «ለተማሪ መታወቂያ» አልኩት፤ ጮክ ብዬ ሳልል አልቀረሁም። አትሳቂ ቢለኝም ሳቅሁ። በአራት ፋንታ አምስት አሳጠብኩና አምስተኛዋን ይዤ ቤት ሮጥኩ። ለእናቴ ሰጠኋት። ጠርዟን ይዛ ብዙ ጊዜ አየቻት፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያ መዳፌ ላይ መልሳ አስቀመጠችልኝ።

«እኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች፣ ወደ በርበሬዋ እየተመለሰች። «ለአረፋ ትመጪ የለ?»

«እመጣለሁ» አልኳት።